አንድ ወንበር፣ ሁለት ግትር

የአውቶቡሱ በር ከመከፈቱ በፊት ጡረተኛው ቆጣሪ አንባቢ ክርናቸውን አሰናድተው ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ክርን ነው፤ ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። በሩ ሲከፈት ክርኑ አንድ ምሳ ዕቃ፣ አንድ ጃንጥላና ጆሮው ላይ ስልክ የሰካ አንድ ጎረምሳን አልፎ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ሦስተኛው ረድፍ፣ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ያዘ። እሳቸውም ተከትለውት ደረሱና ተቀመጡ።

አራት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር። ቤታቸው ከመነሻው አራት ፌርማታ ይርቃል፤ ስለዚህ ማለዳ ተነሥተው መሄድ ወደማይፈልጉበት አቅጣጫ በእግራቸው ይሄዳሉ። መነሻው ላይ ተጋፍተው ወንበር ይይዛሉ። ዘጠነኛው ፌርማታ ላይ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ልጃቸው ስትሳፈር ብድግ ብለው ያስቀምጧትና ሃምሳ ደቂቃ ከጎኗ ቆመው ይጓዛሉ። የምትሠራበት ክሊኒክ ጋ አብረው ይወርዳሉ፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ቆማ ደም ወደምትቀዳበት ላቦራቶሪ ስትገባ፣ እሳቸው መንገድ ተሻግረው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሌላ ጉዳይ የላቸውም። ለልጃቸው ግን «አንድ የድሮ ባልደረባዬን እጠይቃለሁ» ብለዋት ነበር። ባልደረባው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

ትናንት ነገሩ ፈረሰ። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ጎራ ብላ፣ እግራቸውን ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክረው አገኘቻቸው። ጉልበታቸው አብጦ ሱሪው አልጠቀለል ብሏል።

«የት ነው ይሄን ያህል የምትቆመው፣ አባዬ?»

ሠላሳ ዓመት በየግቢው ቆጣሪ ሲያነቡ ከከተማው ውሻ ሁሉ ጋር የተከራከሩ ሰው፣ ከልጃቸው ዓይን ጋር መከራከር ግን አይችሉበትም። መነሻውንም፣ ሟቹን ባልደረባም፣ አንድ በአንድ ተናዘዙ።

«ነገ ወንበር ይዘህ ባይህ አልቀመጥም» አለቻቸው። «ቆሜ ነው የምሄደው። እዚያው ብወልድም እወልዳለሁ።»

ይህች የእናቷ ልጅ ናት። እናቷ በሕይወት ሳሉ «አልበላም» ካሉ ወጡ ራሱ ይቅርታ ሊጠይቅ ምንም አይቀረው ነበር።

ሲያስቡበት አደሩ። የወንበሩ ነገር ብቻ ቢሆን ይተዉት ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ለእሳቸው ተብሎ የሚወጣ የሰው ድምፅ የሚሰሙት በእነዚያ ሃምሳ ደቂቃዎች ነው። ሬዲዮው ያወራል፤ ግን ማንንም እያየ አይደለም። ይሄን ለልጅ እንዴት ብለው ይነግሩታል? ስለዚህ ዛሬም እንደ ወትሮው መነሻው ላይ ተገኙ።

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ወንበር አለቀ። አምስተኛው ላይ መያዣ ብረት አለቀ። ሰባተኛው ላይ አየር አለቀ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መሃሉ ባዶ ነው» አለች ትኬት ቆራጯ።

«እህቴ፣ መሃሉ እኔ ነኝ» አላት አንድ የታነቀ ድምፅ።

ከጡረተኛው ጎን፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ባለ ክራቫት ተቀምጧል። ይህ ሰው እርጉዝ ወይም አዛውንት ብቅ ሲል ወዲያው የሚጥለው እንቅልፍ አለበት። ጡረተኛው ይህን እንቅልፍ አራት ወር አጥንተውታል፤ አንድም ቀን ፌርማታውን አሳልፎት አያውቅም።

ዘጠነኛው ፌርማታ ላይ መጀመሪያ ሆዷ ገባ፤ ልጃቸው ተከተለች። ባለ ክራቫቱ አንኮራፋ። ጡረተኛው እንደ ወትሮው ብድግ አሉ፤ ጉልበታቸው ከእሳቸው ዘግየት ብሎ ተነሣ።

«ነይ፣ ልጄ።»

«አልኩህ እኮ።» የበሩን ብረት ጨብጣ ቆመች። «ተቀመጥ።»

«አንቺ ተቀመጪ።»

«አንተ ተቀመጥ።»

ወንበሩ ባዶውን ቀረ። የአንዱ ቦርሳ በሌላው ብብት ሥር በሚጓዝበት፣ የራስን እግር ለማከክ ጎንበስ ብሎ የሰው እግር በሚታከክበት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሙሉ ወንበር፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ እንደ ባለሥልጣን ብቻውን ሄደ። ሰዉ በዓይኑ ይውጠዋል እንጂ የሚደፍረው ጠፋ።

የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ የተሳፈረ አንድ ቀለም ቀቢ ወንበሩን አይቶ ዕድሉን ማመን አቃተው። እየተሽሎከለከለ ሊደርስበት ሲል ሦስት ሰዎች እኩል ያዙት።

«ተው፣ ሰው አለው።»

«የታል ሰውየው?»

«ቆሟል።»

«ከቆመ ምን ያደርግለታል?»

«ከልጃቸው ጋር ተጣልተው ነው።»

ቀለም ቀቢው ነገሩ የቤተሰብ መሆኑን ሲረዳ እጁን ሰበሰበ።

አውቶቡሱ ለሁለት ተከፈለ። የኋላው ወገን ከአባት ጋር ቆመ፣ የፊቱ ከልጅ ጋር። «የአባትሽን ቃል ምናለ ብትሰሚ?» አለ ከኋላ አንዱ። «የሳቸውን ጉልበት አንተ ትሸከምላቸዋለህ?» አለች ከፊት አንዷ። ትኬት ቆራጯ ልታስታርቅ ሞከረች። «አባባ፣ ኧረ እባክዎ ይቀመጡ።» «እሷ ትቀመጥ» አሉ። ወደ ልጅቱ ዞረች። «እሱ ይቀመጥ» አለች ልጅቱ። ትኬት ቆራጯ ተስፋ ቆርጣ ወደ ትኬቷ ተመለሰች።

ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ሰዉ በአንድነት ወደ ፊት ሄዶ በአንድነት ተመለሰ፤ የጡረተኛው ግራ ጉልበት ግን አልተመለሰም። ዘንበል ሲሉ የልጃቸው እጅ ብረቱን ለቀቀና በሦስት ሰዎች መካከል አልፎ የኮታቸውን እጅጌ አፈፍ አደረገ። አሁን እሷም የያዘችው ነገር የለም። እሳቸው እሷን፣ እሷ እሳቸውን ይዘው፣ በባዶው ወንበር አናት ላይ ተንገዳገዱ።

ባለ ክራቫቱ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ባዶውን ወንበር አየ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደገና ገለጠ።

«ይሄ ወንበር ሊያስተኛኝ አልቻለም» አለና ተነሣ። «በሉ፣ ሁለታችሁም ተቀመጡ። እኔ ቆሜ እተኛለሁ።»

ሁለት ቦታ ሲሆን ሰበብ አለቀ። ሰዉ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ልጅቱን እንደ እንቁላል ትሪ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፎ መስኮቱ ጋ አደረሳት። ጡረተኛው ከጎኗ ተቀመጡ።

አራት ወር የሚያዩት አናቷን ነበር። ከጎን ሲያዩዋት ጆሮዋ ለካ ቁርጥ የእናቷ ነው።

«ባልደረባህ ደህና ነው?» አለች በመስኮቱ እያየች።

«ሰላም ብሎሻል።»

ላለመሳቅ ታገለች፤ ሆዷ ግን አጋለጣት። ከዚያ ሳቋ ረገበና ዞር አለች።

«አባዬ፣ ቤቱ ብቻህን ይከብድሃል?»

ጉልበታቸውን አዩ። ቆጣሪ ሲያነቡ የለመዱት ያዩትን ቁጥር መናገር ነበር፤ ይሄኛው ቁጥር የለውም።

«ቤቱስ ደህና ነው» አሉ። «ዝም ይላል እንጂ።»

መዳፏን ያበጠው ጉልበታቸው ላይ አኖረች፤ የሰው ደም ሥር ሲፈልግ የሚውል ለስላሳ መዳፍ ነው። ከዚያ ማውራት ጀመረች። መርፌ ሲያይ ስለወደቀው ወጠምሻ፣ ሻይዋን ደጋግማ ስለምትጠጣባት አለቃዋ፣ ማለዳ ማለዳ ሆዷ ውስጥ ስቅ ስለሚለው ፅንስ ነገረቻቸው። እሳቸው «እሺ» እና «ከዚያስ» ብቻ አሉ። መንገዱ ተዘጋግቶ አውቶቡሱ ሩብ ሰዓት ሲቆም፣ ሰዉ ሁሉ ሲያማርር፣ ያላማረሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ክሊኒኩ ጋ ሲደርሱ አብረዋት ሊነሡ ሲሉ ትከሻቸውን ጫን አድርጋ መለሰቻቸው።

«ዛሬ ደረጃ መውረድ ይቅርብህ። እዚሁ እንደተቀመጥክ ተመለስ።» ሰዉን እየገፋች ሁለት እርምጃ ሄደችና ዞረች። «ነገ ደግሞ…»

ጡረተኛው ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ሁለት ያዝ» አለችና ወረደች።

አውቶቡሱ እየተራገፈ፣ እየተራገፈ ሄደ። ጡረተኛው ሁለቱን ወንበር ደጋግመው አዩ። መነሻው ላይ አንዱን መያዝ ራሱ በየማለዳው ግብግብ ነው፤ ሁለት የያዘ ሰው አይተው አያውቁም። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ትኬት ቆራጯ መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች።

«የኔ ልጅ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ አውቶቡስ ወደ መነሻው ከመምጣቱ በፊት የት ነው ያለው?»

«ጋራዥ ነዋ፣ አባባ። እዚያ ነው የሚያድረው።»

ወደ ሹፌሩ አዩ፤ ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ጋራዡ የት ነው?»