አርባ አንዱ ቀዮች

ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ሳይደርስ ቀረ። ፎፔ ቪርስማ ከዩኒቨርሲቲው አሮጌ ሕንጻ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ጥቁሩን ባለ ጭራ ኮት ወደ ታች ቢጎትት፣ ቢጎትት አልወርድ አለው። የተከራዩት ለሌላ ሰው ነው። ዛሬ የዶክትሬት ጽሑፏ ላይ የምትፈተነው ማራይከ፣ በደንቡ መሠረት፣ ፈታኞቿ ፊት የምትቀርበው እንደ ሙሽራ ሁለት ሚዜ አስከትላ ነው። አንደኛውን ሚዜ ትናንት ጉንፋን ጣለው። ማን ይተካው ሲባል አማካሪዋ ፕሮፌሰር ኦቨርዳይክ ኮሪደሩ ላይ ፎፔን ከራሱ እስከ እግሩ በዓይኑ ለክቶ፣ "ቁመቱ ይሆናል" አለ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሠራበት የሥነ ፈለክ ተቋም አንድ ቀን ለክብር ቢጠራ፣ የተጠራው ቁመቱ ነው።

"ምንም አትልም፤ አጠገቤ ብቻ ትቀመጣለህ" አለችው ማራይከ፣ ነጩን ክራቫቱን እያስተካከለችለት። "ጥያቄ ቢጠናብኝ ሚዜን ማማከር ይፈቀዳል። ግን እስካሁን ያደረገው ሰው የለም።"

"የላም አገር የፍሪስላንድ ልጅ ነኝ እኮ" አላት። "እኛ ዝም ብሎ መቀመጥን ከላም ነው የተማርነው።"

ሳቀች። ቀልዱ የሱ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት "ላም ቆጣሪው" እያሉ ሲቀልዱበት የኖሩትን ነው መልሶ የሰጣት።

ፎፔ የተማረው የእጅ ሙያ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጨርሶ ወጣ። ሥራው ምድር ቤት ተቀምጦ ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች አንድ በአንድ በዓይኑ መመርመር ነው። ለማራይከ ጽሑፍ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግዙፍ ቀይ ጋላክሲዎችን የመረመረላት እሱ ነው። ብርሃናቸው ከተነሣ ስምንት ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል። ጋላክሲ አዲስ ኮከብ መውለድ ሲያቆም፣ ሰማያዊዎቹ ወጣት ከዋክብት ፈጥነው ይሞቱና ቀያዮቹ ሽማግሌዎች ብቻ ይቀሩለታል። ስለዚህ ቀይ ማለት ያረጀ ማለት ነው። ግዙፎቹ ገና በዚያ ዘመን አድገው፣ ወልደው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እርጅናቸውን ተቀምጠው ከመጦር በቀር የሠሩት የለም። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይኸው ነው።

ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ግን አርባ አንዱ ለፎፔ ዓይን አልጣሙትም። ጠርዛቸው የተዛነፈ፣ ወገባቸው ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር መስመር የተሰመረባቸው ናቸው። አቧራ ነው። ከአቧራው ጀርባ ገና እየወለዱ ነው እንጂ አላረጁም፤ ነፋስ አቧራ ባነሣበት ቀን ፀሐይ የምትቀላው አርጅታ ነው እንዴ? ዝርዝሩ ላይ በያንዳንዳቸው ስም ጎን የመስቀል ምልክት አደረገና ሦስት ፎቅ ወጥቶ ለኦቨርዳይክ ነገረው። ኦቨርዳይክ ከሚያነበው ቀና እንኳ ሳይል፣ "ፎፔ፣ አንተ እይ። ማሰቡን ለኛ ተወው" አለው። ያቺን ቃል አራት ዓመት አመነዠጋት።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ገቡ። ፈታኞቹ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ጠፍጣፋ ቆብ ደፍተው በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። አዳራሹ በዘመድ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጠያቂዎች ከጥያቄያቸው ይልቅ ውዳሴያቸው ረዘመ። አራተኛዋ ከኖርዌይ የመጣችው ሲግሪድ ሃልቮርሰን ነበረች። እሷ አላወደሰችም።

"ቀይ መሆናቸውን አይቻለሁ" አለች። "ማርጀታቸውን ግን በምን አወቅሽ? አቧራ ቢሆንስ ያቀላቸው?"

"እጅግ የተከበሩ ጠያቂዬ፣ ምስሎቹ በሙሉ በዓይን ተመርምረዋል።"

"በማን ዓይን?"

ማራይከ አንገቷን ወደ ፎፔ ዘንበል አድርጋ አንሾካሾከች።

"ፎፔ፣ ዝርዝሩ ላይ መስቀል የተደረገባቸው ነበሩ። ምን ማለት ነበር?"

መልሱን ጢሙን ሲላጭ፣ ብስክሌት ሲነዳ፣ ስንት ጊዜ ብቻውን ሲለማመደው ኖሯል። ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ማዶ ኦቨርዳይክ ቅንድቡን አንሥቶ፣ አይሆንም በሚል በጣም በትንሹ ራሱን ነቀነቀ። ፎፔ የፈራው እሱን አይደለም። ድንገት ግን ልጅቷን ጠላት። አራት ዓመት ከሦስት ፎቅ በላይ ተቀምጣ አንዲት ቀን ወርዳ ያልጠየቀችውን፣ ዛሬ እሳቱ ሲለበልባት፣ ለዚያውም በሹክሹክታ?

"አላስታውስም" አላት።

ማራይከ ፊቷን መለሰችና ስለ ቀለም አለካክ አንድ ረጅም ነገር ጀመረች። ሲግሪድ በትዕግሥት ራሷን ትነቀንቃለች፤ አልተቀበለችም። የኋላው በር ተከፈተ። የሥርዓቱ አስከባሪ ባለ ቃጭል በትር ይዛ ገብታ፣ ወለሉን መትታ፣ ሰዓቱ መድረሱን በላቲን ተናገረች። ይህ ከተባለ ወዲያ የተጀመረ ቃል እንኳ አይጨረስም። የማራይከ መልስ አፏ ውስጥ ቀረ።

ፈታኞቹ ሊመክሩ ሲወጡ ማራይከና ሁለቱ ሚዜዎቿ ጓዳ ገብተው ጠበቁ። ሌላኛዋ ሚዜ ውኃ ፍለጋ ሄደች።

"ኦቨርዳይክ የቴክኒሻን ጭረት ነው፣ አውጪው አለኝ" አለች ማራይከ ወለሉን እያየች። "አወጣሁት። አንተን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር።"

"ደረጃው ለመውረድም ያገለግላል።"

"ልክ ነህ። አቧራ ከሆነ ሦስተኛው ምዕራፍ ከነመደምደሚያው ገደል ይገባል። ግን ከርሞ ከሰው ጽሑፍ ከማነበው፣ ዛሬ ብሰማው ይሻለኛል። እውነት አታስታውስም?"

ፎፔ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ተጠሩ።

ዶክተር ሆነች። እናቷ አለቀሱ፤ ኦቨርዳይክ ስለ ጥንቃቄዋ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ወይን፣ የተቆራረጠ አይብ፣ በሰናፍጭ የሚበላ የተጠበሰ የሥጋ ድቡልቡል መጣ። ፎፔ ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ከባድ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ።

"ጥሩ አደረግህ ፎፔ" አለው ኦቨርዳይክ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የፎፔ ዝምታ ግን እዚያው፣ አይብ በጉንጩ እንደያዘ፣ ነቀዘ። ልጅቷን የቀጣት መስሎት ነበር። ለካ ቂሙን አራት ዓመት ቀልቦ፣ አሳድጎ፣ አድልቦ ለኦቨርዳይክ ነው የሸለመው!

ሲግሪድ ልትሰናበት መጣች። ስለ ምስሎቹ እንደገና አንሥታ፣ የምርመራው ዝርዝር ካለ ብታየው ደስ እንደሚላት ለኦቨርዳይክ ነገረችው።

"አልተቀመጠም" አላት። "እንዲያው ለወጉ ያህል የተደረገ ነው፤ የቴክኒሻን ሥራ። ዓይንም ያረጃል፤ ታውቂዋለሽ።" ሳቅ ብሎ ዞር አለ። "ፎፔ፣ የፕሮፌሰሯን ካፖርት አምጣላቸው።"

አመጣ። ከባድ አረንጓዴ የሱፍ ካፖርት ነው። ከኋላዋ ዘርግቶ ያዘላት፤ አንድ እጇን ወደ እጅጌው ላከች። ማራይከ ከእናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና፣ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ታየዋለች። ሁሉንም ሰምታለች። ዓይኗን አልሰበረችም፤ እሱም አልሰበረም።

"ባቡርዎ በስንት ሰዓት ነው?" አላት ሲግሪድን።

"በአሥራ ሁለት።"

"የአንድ ሰዓቱን ይያዙ። ዝርዝሩ እኔ ጋ አለ፤ ተቋሙ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አርባ አንድ ናቸው።" ቀጥሎም፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ "ዶክተሯም አብራን ትመጣለች" አለ።

ኦቨርዳይክ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ፎፔ ካፖርቱን ከሲግሪድ ክንድ ላይ ቀስ አድርጎ አወለቀና ተመልሶ መስቀያው ላይ ሰቀለው።