እንደ ሽብሩ የሚዘምር ጠፋ

ማይክ የያዘችው ተማሪ «አምላኬ» የምትለውን አንዲት ቃል እንደ ማስቲካ ጎተተቻት። ወደ ላይ ወሰደቻት፣ ወደ ታች አወረደቻት፣ አንቀጠቀጠቻት። ገበያነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ትቆጥር ጀመር፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ሽብሩ በሕይወት ኖሮ ይህን ቢሰማ፣ ከድንኳኑ ወጥቶ ዝናብ ላይ ይቆም ነበር።

ባሏ ሽብሩ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዲላ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበባት ነው፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ግን አላቋረጠም፤ የእድሩ አግዳሚዎች ሞልተው የቀረው ቆሟል። ገበያነሽን ያስቸገራት የሰው ብዛት አይደለም። የመጣው መዘምራን ሁሉ ሟቹን ለማክበር ብሎ የሟቹኑ መዝሙር መዘመሩ ነው። ሽብሩ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሜካኒክ ነበር፤ ሰው ግን የሚያውቀው በወጣትነቱ በጌዴኦኛ በደረሰው አንድ መዝሙር ነው። «ጭጋጉ ቢከብድም፣ ደጃፌን ታውቀዋለህ» ነው የመጀመሪያው መስመር። ከዲላ እስከ ኮቸሬ የማያውቀው አማኝ የለም። በሁለት ቀን ስድስት ጊዜ ተዘመረ፣ ስድስት ጊዜም ተበላሸ።

የገዛ አጥቢያቸው ልጆች በጭብጨባ አስሮጡት፤ አውቶቡስ የሚያመልጣቸው ነበር የሚመስለው። ከጪጩ የመጡት እናቶች ድምፃቸው ማር ነው፣ ግን የሌላ መዝሙር ግጥም ቀላቀሉበት። አንድ ጎረቤት ደግሞ ስልኩን ከፍቶ፣ ትንቢት የምትባል ዘማሪ በስቱዲዮ የሠራችውን አስደመጣት። ከበሮው ከመብዛቱ የተነሳ ጭጋጉም ደጃፉም አልተሰማም።

«ሰባት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል፣ እማማ» አላት ጎረቤትየው።

«ጌታ ይባርካት» አለች። ሌላ ምን ትበል።

አሁን እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ልጆች በአማርኛ ተርጉመው መጡ። ደግ ልጆች ናቸው፤ በዝናብ በእግራቸው ነው የመጡት። ቢሆንም አሥራ አንድ ጊዜ «አምላኬ» አይባልም።

ልጇ ሮሆቦት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «እማዬ፣ ሰው እያየሽ ነው።»

«ምን አልኩ?»

«አፍሽ ዝም ቢል ፊትሽ ይናገራል።»

ገበያነሽ የልጇን እጅ ያዘች። «ድምፁ ከጆሮዬ እየሄደብኝ ነው፣ ሮሆቦት። እነዚህ ልጆች በዘመሩ ቁጥር የሱ እየራቀኝ ነው። ትናንት ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ልሰማው ስሞክር የመጣልኝ የዚያች የስልኳ ልጅ ከበሮ ነው። ነገ ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልክ ሆኖ ብሰማው…»

ሮሆቦት ስልኳን እንኳ አላወጣችም። አባቷ በስልክ ሲቀረጽ አፉን የሚዘጋ ሰው ነበር። ሠርግ ላይ፣ ልደት ላይ፣ ካሜራ ሲያይ ዞር ይላል። አንድም ቦታ ድምፁ የለም።

ገበያነሽ ሽብሩን ያወቀችው በእግሩ ነው። አባቷ ከጉራጌ መጥተው ዲላ ወፍጮ የተከሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ወፍጮው ተበላሽቶ ሜካኒክ ተጠራ። እሷ ምሳ ስታመጣ ከሞተሩ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ብቻ አየች፤ እግሮቹ ይዘምራሉ። «እኔ ያገባሁት እግሩን ነው፣ ፊቱ በኋላ ነው የመጣው» እያለች ሠላሳ ዓመት ሰው አስቃለች። ከዚያ በኋላም ቢሆን መዝሙሩን የምትሰማው እንደዚያው ነበር። ሽብሩ ከዱመርሶም ከሬኮም የተበላሸ ሞተር ጭኖ ይመጣና በረንዳው ላይ ፈታትቶት ሥሩ ይተኛል። ብሎን በጥርሱ ይይዛል። ግጥሙ ግማሹ በአፉ፣ ግማሹ በአፍንጫው ይወጣል።

የበኩር ልጃቸው በስምንት ወሩ የሞተ ጊዜ፣ ሽብሩ አንድ ሳምንት ቃል አልተናገራትም። ገበያነሽ ተቀይማው ነበር። ስምንተኛው ቀን ላይ በረንዳ ብትወጣ፣ ምንም ያልተበላሸ ሞተር ሥር፣ እጁ ላይ መፍቻ እንኳን ሳይኖር ተጋድሞ አገኘችው። ያን መዝሙር እጅግ አዝግሞ፣ በየቃሉ እያረፈ ይለዋል። እሷም አጠገቡ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ቂሟ እዚያው ለቀቃት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አቶ ሙሉካ ከሬኮ ደረሱ። በወጣትነታቸው ከሽብሩ ጋር የዘመሩ፣ አሁን ቡና የሚያለሙ ሰው ናቸው። አልቅሰው ሲጨርሱ ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«እህቴ ገበያነሽ፣ ይቺን ካሴት አመጣሁልሽ። የድሮዋ ናት፣ የመጀመሪያዋ። እኔ ከበሮ መታሁ፣ እሱ ዘመረ። እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጠኋትም።»

ካሴት የሚያጫውት ፍለጋ ሰፈሩ ታሰሰ፤ የተገኘው የጎረቤታቸው የእስክንድር አሮጌ ፒካፕ ብቻ ነው። ሐዘንተኛዋ በልጇ ተደግፋ ጋቢና ስትገባ ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። «ወዴት ሊወስዷት ነው? አመማት እንዴ?» አቶ ሙሉካ ከጎኗ ተቀመጡ፤ ሮሆቦት መስኮቱን ተደግፋ ቆመች። እስክንድር ካሴቱን ከተተው።

መጀመሪያ ካሴቱ ሽሽ አለ፣ ቀጥሎ ከበሮ መጣ፣ ከዚያ ድምፅ። ቀጭን፣ የቸኮለ፣ ከአቅሙ በላይ ከፍ አድርጎ የጀመረ የጎረምሳ ድምፅ። «ደጃፌን» ሲል ተሰነጠቀ። አቶ ሙሉካ እንባቸው ወረደ። ገበያነሽ አንገቷን ወደ ማጫወቻው ዘንበል አድርጋ የምታውቀውን ሰው ፈለገች፤ አንዳንድ ቦታ ያገኘችው መሰላት። ከሁለተኛው አንቀጽ አጋማሽ በኋላ ግን ጭራሽ ጠፋባት። ያ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባትም።

«ጋሽ ሙሉካ፣ ይሄ ማነው?»

«ሽብሩ ነዋ!»

«ይሄ ልጅ እኔን አያውቀኝም» አለች። «ገና አላገባኝም።»

ገበያነሽ ሁለት ቀን ሙሉ በሆዷ የወቀሰቻቸው መዘምራን ሁሉ ይህ ልጅ ያኔ በየአጥቢያው ያስለመደውን ተከትለው እንደሚዘምሩ ገባት። አጥፊዎች አልነበሩም። የሷ ሽብሩ መዝሙሩን በረንዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ሲለዋውጠው ኖሮ፣ ተቀምጦ ያዳመጠው ሌላ ሰው የለም። ከፋት። ያ ድምፅ አሁን ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው፣ እሷም እየረሳችው ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት የማጽናኛው ፕሮግራም ተዘጋ። የመዘምራኑ መሪ ደግነት ማይኩን ይዞ ተነሳ። «በመጨረሻ የጋሽ ሽብሩን መዝሙር ሁላችንም ቆመን…»

«እኔ ልበለው፣ ልጄ» አለች ገበያነሽ።

ሮሆቦት ደንግጣ ዞረች። እናቷ ዜማ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ደግነት ማይኩን ሊሰጣት መጣ፣ በእጇ መለሰችው።

ተቀምጣ ጀመረች። ዜማው ገና ከመጀመሪያው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሄደባት። ኪቦርድ የሚጫወተው ወጣት ተከትሎ ሊይዛት ሞከረ፣ አልያዝ ስትለው እጁን ሰበሰበ። አንዳንዶች ፈገግታቸውን ለመደበቅ አቀረቀሩ። እሷ አልቸኮለችም። በየቃሉ አረፈች። ሽብሩ ብሎኑን በጥርሱ የሚይዝበት ቦታ ስትደርስ አፏን ገጥማ በአፍንጫዋ አለችው። ያቀረቀሩት ቀና ማለት ጀመሩ። ከስድስቱ ዝማሬ አንዱም እንዲህ የተበላሸ አልነበረም፤ አቶ ሙሉካ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሁለተኛው አንቀጽ አጋማሽ ላይ ቆመች።

የጠፋባት መስሎት ደግነት ቀጣዩን ስንኝ በሹክሹክታ አቀበላት። ራሷን ነቀነቀች። አልጠፋባትም፤ መዝሙሩ ለሷ የሚያልቀው እዚህ ነው። ሽብሩ ከዚህ አሳልፎት አያውቅም ነበር። እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ አንገቱን ከሞተሩ ሥር ያወጣና «ገቤ፣ ሻይ አለ እንዴ?» ይላታል።



«አለ» አለች ገበያነሽ ቀስ ብላ። «ላምጣልህ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ሮሆቦት እግሯን ሰብስባ አሳለፈቻት።