የእማማ እታለማሁ አንድ ለቅሶ

በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ፊልም ሲቀረጽ አዘጋጁ ብሥራት፣ ድምፅ ቀጂው ይሄነው፣ አልቃሿ እማማ እታለማሁና ለቀስተኛ ሆነው እንዲቀመጡ የተለመኑ ጎረቤቶች ነበሩ።

እማማ እታለማሁ ሬሳ በሌለበት ማልቀስ ሞት መጥራት ነው ብለው ብሥራትን ሁለት ጊዜ መልሰውታል። በኋላ እሺ ያሉት በልጃቸው በትዕዛዙ ስም እንዲያለቅሱ ስለተፈቀደላቸው ብቻ ነው። የትዕዛዙ መርዶ ከመተማ ሲመጣ እሳቸው ታመው ራሳቸውን አያውቁም ነበር። ለአገሩ ሰው ሁሉ ሲያለቅሱ ኖረው ለገዛ ልጃቸው ሳያለቅሱ ቀሩ። አሁን አንድ ጊዜ ያለቅሱለታል፤ ድምፃቸውም ተቀድቶ ይቀመጥለታል።

ይሄነው ማይኩን ሲያስጠጋ ጠጕራም ልባሱን አይተው፣ «ይህን የበግ ላት ወዴት ታመጣብኛለህ?» አሉት። ጎረቤቶቹ ሳቁ። ለሙከራ ድምፃቸውን እንዲያሰሙት ሲለምናቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው አንጎራጎሩ። እሱም መቅጃውን በዚያችው ለስላሳ ድምፅ ልክ አስተካከለ።

የአገሩ ልጅ ነውና አልቃሽ ለሙከራ ሙሉ ድምፅዋን እንደማታወጣ ያውቃል። ማይኩን ራቅ፣ የመቅጃውንም የድምፅ መጠን ዝቅ ማድረግ ነበረበት። ብሥራት ግን ማይኩ እንዲቀርብ አዝዟል።

«ፀሐይ እየሄደችብን ነው፤ ደግሞ ምን ጎደለህ?» አለው።

«ምንም» አለ ይሄነው አንገቱን ደፍቶ።

ቀረጻው ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ጥርት ብለው ገቡ። በሦስተኛው እማማ እታለማሁ ደረታቸውን መትተው የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ድምፅ ከልክ ሲያልፍ የሚበራው የመቅጃው ቀይ መብራት በርቶ ቀረ። የይሄነው እጅ መጠኑን እስኪቀንስ ስሙ አለፈ። ጎረቤቶቹ የምር ያለቅሱ ነበር፤ ብሥራትም ዓይኑን ጠረገ።

ይሄነው መልሶ ሲያዳምጠው ስሙ የሚጠራበት ቦታ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። እንዲህ የተበላሸ ድምፅ በኋላ ቢቀንሱትም እንደማይድን ለብሥራት ነገረው። ብሥራት ሄዶ እንዲደግሙለት ለመናቸው።

«ልጄን ስንት ጊዜ ልቅበረው?» አሉ እማማ እታለማሁ። ከዚያ ወደ ይሄነው ዞሩ። «አንተዬ፣ መቅጃህ ስሙን ያዘልኝ?»

ይሄነው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ይህ እኔ አይደለሁም» ብለው አወለቁት።

ፊልሙ በዓመቱ ወጣ። በእማማ እታለማሁ ምስል ላይ ባሕር ዳር ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ የሌላ ሴት ለቅሶ ተደረገበት፤ የተጠራውም ስም ሌላ ነበር።