የአባዬ ምራቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ሆዱን የሚያመው ሰው ሁሉ አሜባ አለበት። ምርመራ አያስፈልገውም፤ ጎረቤት ይነግረዋል፣ ፋርማሲ ይሸጥለታል። አባዬም ሰገራው ላይ ደም ባየ ቁጥር ሰፈራችን ካራ ካለች አንዲት ፋርማሲ የአሜባ ክኒን እየገዛ ዋጠ። ክኒኑ ትንሽ ጋብ ሲያደርግለት «አላልኳችሁም?» ይለናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባዬ ግን አልደበቀም፣ ላገኘው ሰው ሁሉ ተናግሯል። ስሙን ብቻ ነው የሳተው። የአንጀት ካንሰር መሆኑ የታወቀው አድጎ ካበቃ በኋላ ነው።

ቀዶ ጥገናውን የሠራችለት ዶክተር ማዕዶት አስቀምጣ አስረዳችን። ለጥናት ከዕጢው በወሰዱት ናሙና ውስጥ አፍ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አግኝተዋል።

«ማንም ሰው አፍ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ድድ ሲታመም ይበዛል» አለችው። «አንዳንድ ሰው ላይ ዕጢው ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። እንዲህ ሲሆን ካንሰሩ ለመድኃኒት ሊያስቸግር፣ ሊመለስም ይችላል። ስለዚህ አባባ፣ ድድዎን ይታከሙ፣ ክትትልዎንም እንዳያቋርጡ።»

«ከአፌ ነው የመጣው ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል፤ ግን...»

ከዚያ ወዲያ አልሰማትም። ቤት እንደገባን ብርጭቆውን ለየ። የልጅ ልጁን መሳም ተወ።

እኔ ደግሞ ልዳር ነበር። እኛ ቤት ልጅ ሲዳር አባት በኦሮምኛ መርቆ ግንባር ላይ እንትፍ ይላል። ታላቅ ወንድሜ ቀነኒሳ ሲዳር ምራቁን ሊጠርግ እጁን ቢያነሳ፣ አክስታችን በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራት። ምራቅ የሌለበት ምርቃት እኛ ዘንድ ወሬ ነው።

«ሎሚዬ፣ በቃሌ እመርቅሻለሁ» አለኝ አባዬ። «በዚህ አፍ ግን አንቺ ላይ አልተፋም።»

«ካንሰር በምራቅ አይተላለፍም እኮ አባዬ!»

ዶክተሯ ጋ ደውዬ አገናኘሁት፣ ጮህኩ፣ አኮረፍኩ። ፍንክች አላለም። ተናደድኩበት፤ ንዴቱ አሁንም አልወጣልኝም። ለእኔ እንዲያ የተጠነቀቀ ሰው፣ ለገዛ ድዱ አንድ ቀን እንኳ ጥርስ ሐኪም ጋ አልሄደም።

ካንሰሩ ጉበቱ ላይ ተመለሰ። ሠርጉን አስቀደምነው። መድኃኒቱ አፉን አቁስሎት፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ በማንኪያ ውኃ ነበር የምናርሰው። የሠርጉ ዕለት ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ስለማይችለው ደጅ አላወጣነውም። ድሮ ካራ አብረውት ያረሱ ሽማግሌዎች አልጋው አጠገብ ቆሙ። ተንበርክኬ ጉልበቱን ሳምኩ።

«እምቢ እንዳትለኝ» አልኩት። «ካንተ በኋላ ማንን ልለምን?»

አለቀሰ። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ፤ ቀስ እያለ፣ አንድም ሳያስቀር። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ «እንትፍ» አለ። ደግሞ «እንትፍ» አለ። አፉ ውስጥ ምራቅ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። እኔም አሜን ብዬ ግንባሬን ዳሰስኩት። ደረቅ ነበር።