ለዝናቡ የገባው ሰው

ፀጉር አስተካካዩ ልጁን የሚያሳድጋት በደንበኞቹ ጭን ላይ ነበር። ሚስቱ ልብስ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ እሷ ሥራ ስትገባ እሱ ልጅቷን አቅፎ ወደ ፀጉር ቤቱ ይመጣል። ልጅቷ ገና አፏን አልፈታችም። ጉንጯ ሙሉ ስለሆነ ሰፈሩ ድንቡሼ ይላታል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ይይዛታል፤ ተራው ሲደርስ ለቀጣዩ አቀብሎ ይነሳል። ማንም ያወጣው ደንብ አይደለም፤ እንዲሁ ልማድ ሆኖ ቀረ።

«እዚህ ቤት ፀጉር ለመቆረጥ መጀመሪያ ሞግዚት መሆን ነው» ይላሉ አንድ ጡረተኛ ደንበኛው።

«እርስዎማ የሚቆረጥ ፀጉር መች አለዎት? ለእሷ ብለው ነው የሚመጡት» ይላቸዋል።

ታላቅ ወንድሙ ሌላ ከተማ ትልቅ ፀጉር ቤት አለው። እናታቸውና የወንድሙ ሚስት ቤት ይውላሉ፤ ግቢው ውስጥም ባዶ ክፍል አለ። «ኑ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሚስቱ ፋብሪካ እዚያም አለ ብላ ልቧ ከሸፈተ ሰንብቷል። እሱ ግን እንቢ ብሏል። ከወንድሙ ጋር ሠርቶ ያውቃል። እሱ የጨረሰውን ራስ ወንድሙ ሰው ፊት መጥቶ ያገላብጣል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ መቀስ አንስቶ ደግሞ ይነካካዋል። ይህችን ባለ አንድ ወንበር ፀጉር ቤት የከፈተው ያንን ሽሽት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ጡረተኛው ድንቡሼን ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ ረጅም ሰው ካፖርቱን እያራገፈ ገባና ከጎናቸው ተቀመጠ። አስተካካዩ ወንበሩን በፎጣ መታ መታ አድርጎ «ይምጡ» አላቸው። ልጅቷን ለሰውዬው አቀበሉት። ሰውዬው አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት የፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ መጮህ ጀመረ።

አስተካካዩ ሲጨርስ የሽማግሌውን አንገት አራገፈና ዞር አለ። ዝናቡ አባርቷል። አግዳሚው ባዶ ነው።

«ሰውዬው የት ሄደ?»

«ውጭ ይሆናላ» አሉ ጡረተኛው።

«ማነው እሱ?»

«ያንተ ደንበኛ ነዋ።»

«እኔ አይቼው አላውቅም።»

ጡረተኛው ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ ተነሱ። «እኔ እኮ አንተ የምታውቀው መስሎኝ ነው የሰጠሁት» አሉ ቀስ ብለው።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገረ አያውቅም። አንድ ሹፌር ጥሩምባውን ነፍቶ ሰደበው። ሰውዬው ፌርማታው ላይ ቆሟል፤ ድንቡሼ ካፖርቱ ውስጥ ተሸጉጣ አውቶቡሶቹን በጣቷ ትጠቁማለች።

«ወንድሜ፣ እኔ ለዝናቡ ነው የገባሁት» አለ ሰውዬው። «ልጅ ሰጣችሁኝ። ብጠራህ ማሽንህ ይጮሃል። አውቶቡስ አይታ አለቀሰች፤ ላሳያት ወጣሁ። የኔ ደግሞ አመለጠኝ።»

አስተካካዩ ያመስግነው ይስደበው ጠፋው። ልጁን ተቀበለ። አቅፏት መንገዱን ግራ ቀኝ አይቶ ተሻገረ።

ሚስቱ ከፈረቃ ስትመለስ ነገራት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ሰውዬውን ታውቀዋለህ?»

«አሁን አውቀዋለሁ።»

«አሁን» አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ወንድምህ ያዋርደኛል ትላለህ። እውነት ነው፣ ያዋርድሃል። እኔ ግን ደክሞኛል። ልጄን ማን እንደያዛት እያወቅሁ መሥራት እፈልጋለሁ።»

ስልኩን አንስቶ ወንድሙ ጋ ደወለ።

«ጋሼ፣ እንመጣለን።»

«ምን ሆናችሁ?» አለ ወንድሙ።

«ምንም። ደክሞን ነው።»

«እሺ፣ ክፍሉን አስጠርጋለሁ። ስማ፣ የጎን አቆራረጥህ ያው ነው እንዴ?»

«ያው ነው።»

«ስትመጣ እናስተካክለዋለን።»

«እሺ ጋሼ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደሙ ይፈላ ነበር። አሁን ለመናደድም ጉልበት አጣ።

«ምን አለህ?» አለችው ሚስቱ።

«ኑ አለ» አላት። ሌላውን ለራሱ ያዘው።