ከሰባተኛው ፎቅ የወደቀው

"እዚያ ላይ አቁሚው" አለች ኦዜላ።

የልጅ ልጇ ጃሊሳ የፊልም ማሳያውን ቁልፍ ተጫነች። ከሰባተኛው ፎቅ ጣሪያ ወደ ታች ይወርድ የነበረው ሰው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነጭ ግድግዳ ላይ፣ አየር መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ። ጥቁር የቆዳ ካፖርቱ በነፋሱ ተዘርግቷል፤ እጅጌው ወደ ክርኑ ተሰብስቧል። ከእጁ አንጓ በላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቆዳ ይታያል። ፊቱ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ያ ቆዳ ነጭ ነው።

"ብርሃን ይሆናል።"

"ብርሃን አይደለም፣ እማማ።" ጃሊሳ እንጀራዋ የቆዩ ፊልሞችን ማጽዳት ነው፤ ይህንንም ቅጂ ለዛሬው ቀን ብላ ከሥራ ቦታዋ አስፈቅዳ ያመጣችው እርሷ ናት። ተነሥታ ጣቷን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። "ተቀብቷል። ቀለሙ እዚህ ጋ ያልቃል። ይኸው መስመሩ።"

ኦዜላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከኖረችው ሰባ ሦስት ዓመት ሃምሳውን ያሳለፈችው ከዚህ ከሚወድቀው ሰው፣ ከባሏ ከዲያቆን ክሊዮተስ ፌርሊ ጋር እንደ ሆነ ታምን ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምእመናኑ እዚህ ይሰበሰባሉ፤ ፊልሙ ይታያል፤ ዲያቆኑም ይከበራል። በየወንበሩ ላይ በተቀመጠው ወረቀት፣ ከስሙ በታች፣ "ከሰባተኛው ፎቅ የወደቀው ወንድማችን" የሚል ታትሟል።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየችው እርሱን ሳታውቀው፣ ከአባቷ ጋር ነበር። አባቷ ሲኒማ በገቡ ቁጥር የእነርሱ ወገን የሆነው ጥቁር ሰው በስንተኛው ደቂቃ እንደሚሞት አስቀድሞ በሹክሹክታ ይነግራት ነበር፤ ተሳስቶም አያውቅም። በዚያን ቀን ግን ደቂቃው አለፈ። ጥቁሩ ሰው ጉቦኞቹን ፖሊሶች አንድ በአንድ ጣላቸው፤ ከጣሪያ ዘለለ፤ ብርቱካን በጫነ መኪና ላይ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ካፖርቱን አራገፈና በመንገዱ ሄደ። አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ኦዜላ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ወጣች። አባቷ ግን እንደ ተቀመጠ፣ አፉን በባርኔጣው ሸፍኖ ነበር። በተከታዩ ዓመት ስለ አንድ ወጣት ዘማሪ፣ ስለ ክሊዮተስ፣ "ያ በተዋናዩ ፋንታ የወደቀው እርሱ ነው" ተብሎ ሲነገራት፣ ልቧ ወዲያው አደላለት።

በሩ ተከፈተ። ክሊዮተስና ወንድም ሩፈስ ረጅም ጠረጴዛ ይዘው ደረጃውን ይወርዱ ጀመር።

"ምነው ሰውዬ፣ ቀስ በል እንጂ" ይላል ሩፈስ። "ሰባት ፎቅ ወድቆ ካፖርቱን ያራገፈ ሰው፣ ሦስት ደረጃ ሲወርድ ጉልበቴን ይላል። እኔ አንተን ተማምኜ እኮ ነው ያነሣሁት።"

"አንተ የተሸከምከው ጠረጴዛውን ነው ወይስ ወሬውን?"

ክሊዮተስ ቀና ሲል ግድግዳውን አየ። በእርሱ በኩል ያለውን የጠረጴዛ ጫፍ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ወንድም ሩፈስ፣ እስቲ ዶሮው እንዳያርርብን እየው" አለች ኦዜላ።

"ዶሮው እኮ ገና..." ሩፈስ ፊቷን አየና ቀሪውን ዋጠው። በሩን ከኋላው ዘጋ።

"ይህ ማን ነው?" ብላ ባሏን ጠየቀችው።

"ስሙን አላውቀውም።"

ጃሊሳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦዜላ ግን ፈጽሞ አልተንቀሳቀሰችም፤ ጆሮዋ የሰማውን ልቧ ገና አልተቀበለውም።

"ስምንት ወር ሙሉ ከሌሎች ጥቁር ልጆች ጋር መናፈሻ ውስጥ፣ አሮጌ ፍራሽ ላይ መውደቅ ስለማመድ ከረምኩ" አለ ክሊዮተስ፣ ዓይኑን ከምስሉ ሳይነቅል። "ዝለል ብለው ቀጠሩኝ። በቀኑ ማልጄ ብሄድ፣ የራሳቸውን ነጭ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠው ይቀቡታል። ቀለሙ አልገጥም አላቸው። አንዴ ጠቆረ፣ አንዴ ቀላ። ከዚያ ከሚቀቡት አንዷ ዞር ብላ አየችኝና 'አንተ፣ ና፣ ክንድህን አሳየኝ' አለችኝ።"

"አንተስ?"

"ዘረጋሁላት። በእኔ ክንድ ላይ እየለካች ቀባችው።"

ኦዜላ በሃምሳ ዓመት ትዳር የተነገራት ሐሰት ከሁሉ በላይ ሊጎዳት ይገባ ነበር። ያደነገጣት ግን ያ የተዘረጋ ክንድ ሆነ፤ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ፣ ስምንት ወር ወድቆ ወድቆ፣ ክንዱን እንደ ናሙና ጨርቅ ሲሰጥ ታያት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ፊልሙ መጀመሪያ ሲታይ እናቴ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ 'ልጄ ነው' አለች። ለእናቴ 'እኔ አይደለሁም' ያላልኩትን ለአንቺ እንዴት ልበል? ደግሞ ኦዜላ፣ ተነሥቶ ካፖርቱን ያራገፈው ተዋናዩ ራሱ ነው። እርሱ የእኛው ሰው ነው። ሕዝቡ የቆመውም ያኔ ነው፤ ለመውደቁማ ማንም አልቆመም።"

"እኔ የቆምኩት ለመውደቁ ነው።"



"አባባ፣ ስሙኝ" አለች ጃሊሳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የፊልሙ አሮጌ ካሴት መኪናዬ ውስጥ አለ። ጭጋግ ነው፤ እጁ ከእግሩ አይለይም። እርሱን ላሳያቸው። ምንም አይታወቅም።"

ክሊዮተስ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ኦዜላ ሐሳቡ እርሷንም እንዳባበላት ስታውቅ ደነገጠች። ከላይ የሰው ኮቴ፣ የሕፃናት ሩጫ ይሰማ ነበር። በወንበሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንሥታ በእጇ ያዘችው፤ ከዚያም ለሁለት አጠፈችው።

"ስንት ነበራችሁ? መናፈሻው ውስጥ?"

"አሥራ አንድ።"

"ሌሎቹስ ዘለሉ?"

"ሁለቱ። በኋላ፣ ከፊልም ሠሪዎቹ ጋር ከስንት ክርክር በኋላ። አንዱ ሲዘል አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። ሌላው አሁንም አለ፤ እዚሁ ከተማ። ስሙን ጠርቼ አላውቅም፤ ሰው እንዳያነጻጽረን።"

ሩፈስ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አስገባ። "ሰዉ ደረጃው ላይ ሞልቷል። ፓስተሩም መጥቷል። ላስገባቸው፣ ወይስ ዲያቆኑ ገና ፀጉሩን እያበጠረ ነው?"

ጃሊሳ ምስሉን ለማጥፋት እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች።

"ተይው፣ እንዳለ ይቆይ" አለች ኦዜላ። ወደ ባሏም ሳትዞር፣ "እውነቱን ስትነግራቸው፣ የዘለሉትን የሁለቱን ስም አስቀድመህ ትናገራለህ" አለችው።

ከዚያም በሩን ራሷ ሄዳ ከፈተችው።