ፍልፈል ያልተሣለለት ራስ

አገራችንን ድል አድርገው የያዙት ስፓኛውያን ማን የትኛውን መሬት እንደያዘ ለማወቅ ስለፈለጉ ሠዓሊው ኮስካትል ሰፈራችንን እየሣለ ነበር። አጠገቡ ተቀምጫለሁ። እንደ ልማዳችን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ራስ ይሣላል፤ ከራሱ በቀጭን መስመር የስሙ ሥዕል ይያያዛል፤ ከሥሩ መሬቱ አለ። ለሶሊን ድርጭት፣ ለፓንትሊ ሰንደቅ። የልጄ ስም ቶሳን ነው፤ በቋንቋችን ፍልፈል ማለት ነው። የአባቴ ስም ነበር።

ልጄ መጣ። በቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፤ ከተጠመቀ ወዲህ ዶሚንጎ ይሉታል።

«አያ ኮስካትል፣ የኔን ፍልፈል ተወው» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጓደኞቼ ያዩታል።»

«ባዶውን ራስ ማን ይለየዋል?»

«እኔ እዚያው አለሁ አይደል? እነግራቸዋለሁ።»

ኮስካትል ወደኔ አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ብሩሹን አጥቦ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ሥዕሉ የሚጣራበት ቀን ግቢው ሞላ። ስፓኛዊው ዳኛ ወንበር ላይ፣ አስተርጓሚው ከጎኑ፣ መዘምራኑ ነጭ ለብሰው ግንቡ ሥር። የሰፈሩ አለቃ ራሶቹን በዘንግ እየነካ ይጠራል፤ የተጠራው «አለሁ» ይላል። ቦዩ ዳር ካለው መሬት ሲደርስ ዘንጉ ቆመ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

አለቃው ባዶውን ራስ በዘንጉ ደግሞ ነካው።

«ባለቤት ከሌለው ለበግ ግጦሽ ይሰጣል» አለ አስተርጓሚው።

«ሰውዬው ስም ሳይወጣለት ነው እንዴ መሬት የያዘው?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ተሳቀ።

ልጄን አየሁት። አጠገቡ የቆሙትን መዘምራን ቃኘ። በመጨረሻ «ዶሚንጎ ነው» አለ።

የሰፈሩ ዶሚንጎዎች ሁሉ ከየአቅጣጫው «አለሁ!» አሉ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ልጄ አንገቱን ደፋ።

ያንን መሬት አባቴ ነው በእጁ ቦይ ቆፍሮ ያጠጣው። ተነሣሁ።

«ቶሳን ነው። ልጄ ነው።»

ቀስ ብዬ ልለው እችል ነበር። ጮክ ብዬ አልኩት።

«ፍልፈል!» አለ አንዱ መዘምር። «ያ ወፍራም ድምፅ ለካ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው!»

ኮስካትል ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። «ምን ያህል ላድርገው?»

«ትንሽ» አለ ልጄ፣ ወደኔ ሳያይ።

«የሌላውን ሰው ያህል» አልኩ።

ኮስካትል ከነጥርሱ ሣለው።

መሬቱ አልተወሰደብንም። ልጄ በቆሎውን ሲኮተኩት ፍልፈል የቆለለውን አፈር ባየ ቁጥር በእግሩ ይደፈጥጠዋል። እኔ ከቦዩ ማዶ ሆኜ አያለሁ። ቀና ሲል ፊቴን አዞራለሁ።